የመንደሩ ሐጃጅና የይለፍ ወረቀቱ

ውድ አንባቢ፣ ከቤተሰብዎ መካከል በገጠር የሚኖሩ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ዘንድሮ ሐጅ ለማድረግ ነይተዋል እንበል። ገንዘቡ ተጠራቅሟል፤ በሬው ተሸጧል፤ ከተማ ያሉት ልጆችም የበኩላቸውን አዋጥተዋል። ከኢሕራሙ በፊት፣ ከስንብቱም በፊት ግን አንድ ነገር ይጠየቃል፤ እርሱም ፓስፖርት ነው። ለፓስፖርቱ መታወቂያ፣ ለመታወቂያው የቀበሌ መዝገብ፣ ለመዝገቡ ደግሞ የልደት ዘመን ያስፈልጋል። እርሳቸው የተወለዱት አንበጣ በመጣበት ዓመት መሆኑን እንጂ ቀኑን የሚያውቅ የለም። በመንደራቸው ዕድሜ ልካቸውን «ማን ነዎት?» ተብለው የማያውቁ ሰው፣ ወደ አላህ ቤት ለመሄድ በተነሱ ጊዜ ማንነታቸውን በወረቀት እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ።

ለመሆኑ ይህ ወረቀት በመንደረተኛውና በካዕባ መካከል የገባው መቼ ነው? ያስገባውስ ማን ነው? ጥያቄው ከእኛ አገር ርቆ ወደ ጃቫ ደሴት፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ወደምትባለው አገር ይወስደናል። የገጠር ሙስሊም ለሐጅ ፓስፖርት የመጠየቁ ታሪክ እንደዚያ አገር በዝርዝር የተመዘገበበት ቦታ ጥቂት ነውና። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ወደ ጃቫ ከመሻገራችን በፊት ግን አንድ ነገር በሐቅ መናገር ይገባል። የይለፍ ወረቀትን ሙሉ በሙሉ የቅኝ ገዢዎች ፈጠራ አድርጎ ማየት ይቀናናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በግብፅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቀው የተገኙ የ8ኛው ክፍለ ዘመን የፓፒረስ ጽሑፎች እንደሚያሳዩት፣ በኡመያዎች አስተዳደር ሥር የነበረ የግብፅ ገበሬ መንደሩን ትቶ ሌላ ቦታ ሠርቶ ለማደር ሲፈልግ ከሹሙ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። በወረቀቱ ላይ ስሙ፣ መንደሩ፣ የሰውነቱ ምልክት፣ የሚሄድበት ሥፍራና የተፈቀደለት ጊዜ ይጻፍ ነበር። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን የጉንጭ ጠባሳ የፎቶግራፉን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። የተፈለገው ግብር ነው፤ ገበሬው ግብሩን ሳይከፍል እንዳይጠፋ። እንግዲህ መንደረተኛን «ወረቀትህን አሳይ» ማለት በሙስሊም ገዢዎች እጅም የተሠራበት ነገር ነው።

የሐጅ መንገድ ግን ለብዙ ዘመን ከዚህ የተለየ ነበር። የሐጃጁ መታወቂያ አብሮት የሚጓዘው ጓድ ነው፤ ምስክሩም ያስተማረው ሸይኽና ያሳደረው የመንገድ መንደር። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ስለ ዘር ሐረጋቸው ሲጽፉ፣ ሰባተኛ አያታቸው በ10ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከጀበርት ምድር ተነሥተው፣ ባሕሩን ወደ ጅዳ ተሻግረው፣ በመካና በመዲና ተቀምጠው፣ ከዚያም ካይሮ ገብተው በአል-አዝሀር የጀበርቲዎች ሪዋቅ ኃላፊ እንደሆኑ ይተርካሉ። ከእኛ ቀንድ ምድር የተነሣ አንድ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ሦስት ታላላቅ ከተሞችን አልፎ፣ በመጨረሻ የተማሪዎች አለቃ ሆነ። በሪዋቁ በር ላይ የሚጠየቀው «ከየት ነህ? ከማን ተማርክ?» የሚለው ነበር፤ ለዚያም መልሱ በአፍ ይሰጣል።

አሁን ወደ ጃቫ እንሂድ። ሆላንዶች ወደዚያ የመጡት በ1500ዎቹ መጨረሻ በንግድ ስም ሲሆን፣ ቀስ በቀስ የአገሩ ገዢዎች ሆኑ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም፣ ኑሮውም የሩዝ እርሻ ነው። በየዓመቱ ከዚህ ሕዝብ መካከል ጥቂቶች በመርከብ ወደ መካ ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ ሐጂ ይባላሉ፤ ነጭ ጥምጥም ይጠመጥማሉ፤ በመንደራቸውም ይከበራሉ። የሆላንድ ሹማምንትን እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው አክብሮት ነው። በ1803 ገደማ ከመካ የተመለሱ ሦስት ሐጂዎች በሱማትራ ደሴት በሚናንግካባው ምድር ያስነሡት የማሻሻያ እንቅስቃሴ ወደ ጦርነት አምርቶ፣ ከ1821 ጀምሮ ሆላንዶች ራሳቸው ገብተውበት ለዓመታት ተዋግተዋል። በ1825 ደግሞ በጃቫ እምብርት ልዑል ዲፖኔጎሮ ተነሣባቸው። ከጎኑ ከተሰለፉት መካከል የሃይማኖት ሰዎች ብዙዎች ነበሩ።

በዚያው በ1825 መንግሥቱ አንድ ውሳኔ አወጣ። ከጃቫና ከማዱራ ወደ መካ የሚሄድ ማንኛውም ሰው ፓስፖርት እንዲያወጣ፣ ለፓስፖርቱም 110 ጊልደር እንዲከፍል ተደነገገ። ውድ አንባቢ፣ ይህ የወረቀቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ የመርከቡ፣ የስንቁ፣ የግመሉ ገና አልተነሣም። በሩዝ ማሳው ለሚኖር ገበሬ ከባድ ሸክም ነበር፤ እንዲከብድም ታስቦ የተደረገ ነው። የገንዘቡ ዓላማ የመንግሥትን ካዝና መሙላት ሳይሆን ሰውን ማስቀረት ነበርና። በ1831 ደግሞ ያለ ፓስፖርት ሄዶ የተመለሰ ሰው እጥፉን፣ ማለትም 220 ጊልደር እንዲከፍል ተወሰነ። ከ1830 ጀምሮም ገበሬው ከመሬቱ ከፍሎ ለመንግሥት ቡና፣ ሸንኮራና የቀለም ተክል እንዲያለማ ተገድዶ ስለነበር፣ ከመንደሩ የራቀ ገበሬ በመንግሥቱ ዓይን የጎደለ ጉልበትም ነበር።

ታዲያ ሰው ቀረ ወይ? አልቀረም! ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ፓስፖርት መግዛት ያቃተው ገበሬ በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ሲንጋፖር ይሻገር ነበር። ሲንጋፖር በእንግሊዞች እጅ ነበረችና የሆላንድ ትእዛዝ አይደርስባትም፤ ወደ ጅዳ የሚያመሩ መርከቦችም ከዚያ ይነሡ ነበር። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ብዙዎች የመርከቡን ዋጋ በብድር ወስደው፣ በምትኩ በሲንጋፖርና በአጎራባቿ በጆሆር እርሻዎች ላይ በጉልበታቸው ይከፍሉ ነበር። ከመካ መልስ ዕዳቸውን ለመጨረስ ዓመታት የቆዩ አሉ። ጭራሽ መካን ሳያዩ፣ የቋጠሩት ገንዘብ በሲንጋፖር አልቆባቸው፣ በዕፍረት ጥምጥማቸውን ጠምጥመው የተመለሱም ነበሩ። የአገራቸው ሰዎች ለእነዚህ ስም አወጡላቸው፤ «ሐጂ ሲንጋፖር» ይሏቸው ነበር። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን ከቀልዱ በስተኋላ ያለውን ሰው ያስቡት። ለሐጅ ተሰናብቶ፣ ዱዓ ተደርጎለት፣ ሽማግሌዎች ሸኝተውት የወጣ ሰው ነው። ባዶ እጁን ተመልሶ «አልደረስኩም» ለማለት ምን ያህል ልብ ይጠይቃል?

ክፍያው እንዳልሠራ ሹማምንቱ ራሳቸው አመኑና በ1852 ተሻረ። ፓስፖርት ማውጣት ግዴታ ሆኖ ቢቀርም ያለ ክፍያ ሆነ። የተጓዡም ቁጥር ወዲያው ጨመረ። ይህም ሌላ ሥጋት ወለደና በ1859 አዲስ ሕግ ወጣ። የዚህ ሕግ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ዛሬ እኛ የምናውቀውን የወረቀት ሰንሰለት ስለሚመስል ረጋ ብለን ልናየው ይገባል።

በአዲሱ ሕግ መሠረት ገበሬው ፓስፖርት ከመጠየቁ በፊት ቡፓቲ ከሚባለው የአውራጃ ሹም ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ማረጋገጫው ሁለት ነገር ይመሰክራል። አንደኛ፣ ሰውየው ለመሄጃም ለመመለሻም የሚበቃ ገንዘብ አለው፤ ሁለተኛ፣ በሌለበት ጊዜ ለሚቀሩት ቤተሰቦቹ የሚኖሩበትን አስቀምጧል። ፓስፖርቱም በየደረሰበት ይታያል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ፈተና ይጠብቀዋል! በእርግጥ መካን አይቷል ወይስ አላየም ተብሎ በሹሙ ፊት ይጠየቃል። ፈተናውን ካለፈ ሐጂ ተብሎ መጠራትና የሐጂ ልብስ መልበስ ይፈቀድለታል፤ ካላለፈ አይፈቀድለትም፤ ሳይፈቀድለት ቢለብስ ይቀጣል። ሐጁን የሚቀበለው አላህ ሆኖ ሳለ፣ ሐጂ መባሉን የሚፈቅደው የሆላንድ መንግሥት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሕጉ የጠየቃቸው ሁለቱ ነገሮች ለእኛ እንግዳ ናቸውን? አይደሉም። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ ብቻ መሆኑ በቁርኣን የተደነገገ ነው። ፉቀሃእ ይህን መቻል ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣን፣ ከዚያም ሐጃጁ እስኪመለስ ድረስ ሊቀልባቸው የሚገባቸውን ሰዎች ወጪ፣ የመንገዱንም ሰላም ይጠቅሳሉ። ልጆቹን አስርቦ መካ የሚሄድ ሰው በሸሪዓውም አይመሰገንም። እንዲያውም በሕጉ ላይ የሰፈረውን ቃል ብቻ ያነበበ ሰው «የፊቅህ መጽሐፍ ገልብጠው ነው የጻፉት» ሊል ይችላል። ልዩነቱ በጥያቄው ላይ አይደለም፤ በጠያቂውና በዓላማው ላይ ነው። ሸሪዓው የሚጠይቀው ሰውየውን ከማይችለው ሸክም ለማሳረፍ ሲሆን፣ መልሱንም የሚሰጠው ሰውየው ራሱ ለጌታው ነው። የሆላንድ ሕግ ግን መልሱን የሚያስሰጠው በሹም ፊት ነው። ሹሙ እውነት ነው ካላለ የሰውየው እውነት አይበቃም።

ሹሙስ ማን ነበር? ቡፓቲው ራሱ ሙስሊም የጃቫ መኳንንት ወገን ነው፤ ሹመቱና ደመወዙ ግን ከሆላንዶች ነው። ሐጂ ሆኖ የተመለሰ ገበሬ በመንደሩ የሚያገኘው ክብር ከቡፓቲው ያልመነጨ፣ ቡፓቲውም ሊነጥቀው የማይችለው ክብር ነበር። እንግዲህ ይህ ሹም ለእንዲህ ያለው ሰው ማረጋገጫ ሲጽፍ እጁ ምን ያህል ይፈጥን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ሩቅ ያለ ባዕድ ገዢ ያወጣውን ደንብ በመንደረተኛው ላይ የሚያከብደውም የሚያቀለውም ቅርብ ያለው የአገሩ ልጅ ነው። ይህ በብዙ አገር የታየ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ምክንያት ተጨመረ። በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ውስጥ የገባው የኮሌራ ወረርሽኝ ከሑጃጆች ጋር ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተዛመተ። በማግስቱ ዓመት መንግሥታት በኢስታንቡል ተሰብስበው መከሩ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዑስማንያዎች በቀይ ባሕር በየመን ጠረፍ በምትገኘው በከማራን ደሴት የኳራንቲን ጣቢያ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሐጃጅ ማለት በመንግሥታት ዘንድ የሚመዘገብ፣ የሚቆጠር፣ የሚመረመር ሰው ሆነ። በሽታው እውነተኛ ስለነበር ይህን ሁሉ ሴራ ማለት አይቻልም። ግን ወረቀቱ ሐጃጁን ለመጠበቅ ነው የሚባለውን ደግሞ በ1880 በደረሰው እንመዝነው። «ጅዳ» የምትባል መርከብ ከ900 በላይ ሑጃጆችን ጭና ከሲንጋፖር ተነሣች። ከሶማሌ ጠረፍ፣ ከጓርዳፉይ ርእሰ ምድር ብዙ ሳትርቅ ውኃ ገባባት። ካፒቴኑና መኮንኖቹ ሑጃጆቹን ጥለው በጀልባ ሸሹ፤ በሌላ መርከብ ተነሥተው ዐደን ሲደርሱም መርከቧ ሰጥማለች አሉ። ሑጃጆቹ ግን ውኃውን በእጃቸው እየቀዱ እያፈሰሱ መርከቧን አቆዩአት፤ ሌላ መርከብም ጎትቶ እዚያው ዐደን አገባቸው። ስማቸው ባይመዘገብላቸውም ነፍሳቸውን ያተረፉት አላህና የገዛ ክንዳቸው ናቸው።

ሆላንድ በ1872 ጅዳ ላይ ቆንስላ ከፈተች። ከጃቫ መንደር የወጣው ገበሬ መካ ደጃፍ ላይ ሲደርስም ያው መንግሥት ጠበቀው፤ ፓስፖርቱን ለቆንስላው አቅርቦ ይመዘገብ ነበር። በ1888 በምዕራብ ጃቫ በባንተን ዐመፅ ሲነሣ ጣት የተቀሰረው እንደገና በሐጂዎች ላይ ነው። የሚገርመው፣ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ መንግሥቱን የመከረው ስኑክ ኸርግሮንየ የተባለው ሆላንዳዊ ምሁር ነው። ይህ ሰው በ1885 በሙስሊም ስም መካ ገብቶ ለወራት ተቀምጦ ነበር። ካየው በመነሣት አብዛኛው ሐጂ ለመንግሥት አደጋ እንዳልሆነ፣ ሐጅን ማደናቀፍም ትርፍ እንደሌለው አስረዳ። የመከረው ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ የሆላንድ አገዛዝ እንዲጸና ነው። ሆኖም የተመላሹ ፈተና በ1902 ቀረ። በ1922 ደግሞ ሐጃጁ የመመለሻ ቲኬቱን ጭምር ቀድሞ እንዲገዛ ተደነገገ። በ1926/27 ከዚያ ምድር ወደ ሐጅ የሄዱት ከ50,000 በላይ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት በ110 ጊልደር እንዲቀሩ የታሰቡት የእነዚያ መንደሮች ልጆች ናቸው።

በእኛስ አገር? የወሎው ሐጃጅ ከደጋው ወርዶ አውሳን አቋርጦ ወደ ታጁራ፣ ሌላውም ወደ ምጽዋ በእግሩ የሚሄድበት ዘመን ረዥም ነበር። ወረቀቱ በመንደሩ ላይ የጠነከረው ዘግይቶ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ገጠሬው መጀመሪያ የተመዘገበበት መዝገብ ቅርቡ መጣ። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት ከፓስፖርቱ ሌላ የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበርና፣ ሐጅ ለገጠር ሰው በሩቅ የሚታይ ነገር ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ ገደብ ላላ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ከአገር የመውጣትን ነፃነት አሠፈረ። ፓስፖርቱ ግን ለረዥም ጊዜ የሚገኘው አዲስ አበባ ብቻ ስለነበር፣ መካን ሊያዩ የተነሡ ሽማግሌ አስቀድመው ዋና ከተማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት ነበረባቸው። እንደ ደሴና ጅማ ባሉ ከተሞች ቅርንጫፍ የተከፈተው በኋላ ነው።

የልደት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ቢደነግግም፣ በገጠር ሥራ ላይ ሳይውል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀት የሚያገኘው ጎልምሶ ወይም አርጅቶ፣ በምስክርና በግምት ነው።

ስምም እንደዚሁ። በወሎ ገጠር አንዲት እናት ቤት ውስጥ ተዋበች፣ በኒካሕ ወረቀቷ ላይ ዘይነብ፣ በቀበሌው መዝገብ ላይ ዘነበች ተብላ ልትገኝ ትችላለች። ለጎረቤት አንዲት ሴት ናት፤ ለመዝገብ ቤት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። የአባቶችም ስም ከዚህ አያመልጥም፤ መሐመድ፣ ሙሐመድና መሀመድ፣ ሰይድና ሰዒድ፣ አንዱ ጸሐፊ እንደሰማው፣ ሌላው እንደለመደው የሚጽፈው ነው። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በገጠር ያሉ ወላጅ ነይተው እንደሆነ፣ ከተማ ያሉት ልጆች ከገንዘቡ ቀጥሎ ሊያግዟቸው የሚችሉት በዚህ ነው፤ ጉዞው ከመድረሱ ከብዙ ወራት በፊት መታወቂያውን፣ የልደት ወረቀቱንና ያለውን ሌላ ሰነድ ሁሉ ጎን ለጎን ዘርግቶ ስሙን እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል ማነጻጸር፣ የሚታረም ካለም እዚያው ቀበሌ ማሳረም። ዓመተ ምሕረቱ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ሲለወጥ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት መቁጠርም ያስፈልጋል።

ለፊርማው ቦታ አይጨነቁ። ብዙዎቹ አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። አንዳንድ አባቶች ደግሞ የአማርኛ ፊደል ባይቆጥሩም እስክሪብቶውን ይቀበሉና፣ በልጅነታቸው በሉሕ ላይ በተማሩት የዐረብኛ ፊደል ስማቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋሉ።